የብሪክስተን የነፋስ ወፍጮ በኮምፔንሳቶ፦ የአሥራ ሁለት ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፦ ልኬት

ቅዳሜ ልጆቻችን አማርኛ በሚማሩበት አዳራሽ «ወ»ን ሳስጠና ሰሌዳው ላይ «ወፍጮ» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ «እኛ ሰፈር ያለው ወፍጮ ነፋስ ይሠራል» አለች። እንደ ቬንቲሌተር ማለቷ ነው። ሌሎቹም ተስማሙ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በየቀኑ በወፍጮው አጠገብ ያልፋሉ። ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ሳለ ምን እንደሚሠራ አለማወቃቸው ከበደኝ። ቤት ስደርስ ወሰንኩ፦ ሞዴል እሠራለሁ፤ የሚሽከረከር ጌጥ ሳይሆን ዱቄት የሚያወጣ።

ወፍጮው ያለው ደቡብ ለንደን፣ ብሪክስተን ሂል ከሚባለው ዋና መንገድ ገባ ብሎ፣ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ነው። ከታች ሰፋ ብሎ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ ጥቁር የተቀባ የጡብ ማማ ነው። የተሠራው በ1816 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን አሽቢ የሚባል ቤተሰብ እስከ 1934 ድረስ ሠርቶበታል። ቁመቱ ወደ 15 ሜትር ይጠጋል። ልኬቱን 1፡20 አደረግኩት፤ ስለዚህ ሞዴሉ 75 ሴንቲ ሜትር ይቆማል። የማማውን አጠባበብ ከፎቶግራፍ ላይ በማስመሪያ ወሰድኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄጄ በአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሳሁ፤ በአንዱ አቅጣጫ የቆመ መኪና ስለከለለኝ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

2ኛ ሳምንት፦ ማማው

ክብ ማማ ከኮምፔንሳቶ ማውጣት ስለሚያስቸግር አሥራ ስድስት ጎን እንዲኖረው ወሰንኩ። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ 38 ፓውንድ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስህተት ሠራሁ። 360ን ለ16 ሳካፍል 22.5 ዲግሪ መጣልኝ፤ የጠረጴዛ መጋዙን በዚያው አጋድሜ ሁሉንም ቁራጮች ጠርዝ በጠርዝ ቆረጥኩ። ሳገጣጥማቸው ክቡ በስምንተኛው ቁራጭ ላይ ተዘጋ። በአንድ መገናኛ ላይ ሁለት ጠርዞች ስለሚገጥሙ ዲግሪውን እኩል መካፈል ነበረባቸው፤ ትክክለኛው 11.25 ነው። ግማሽ ጣውላ ባከነ፤ ሌላ ግማሽ በ19 ፓውንድ ገዛሁ። በሁለተኛው ሙከራ ሁሉንም ከመቁረጤ በፊት አራት ቁራጭ ብቻ ቆርጬ በወረቀት ላይ በሠራሁት ክብ ላይ ሞከርኳቸው። ልክ ሆኑ። ኮላው እስኪደርቅ በተቀደደ የብስክሌት ጎማ ካላማዳሪ ዙሪያውን አሰርኩት። ለእንዲህ ያለ ሾጣጣ ነገር ከካላማዳሪ የተሻለ ማሰሪያ አላገኘሁም፤ ወደ ላይ አይንሸራተትም፣ እኩል ይጨምቃል።

3ኛ ሳምንት፦ ክንፎቹ

አራት ክንፎች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 70 ሴንቲ ሜትር። ከቀጫጭን እንጨት እንደ መሰላል ተሠርተው ከአሮጌ አንሶላ የተቆረጠ ጨርቅ ተወጠረባቸው። ያገለገለ ትልቅ የወለል ቬንቲሌተር በ15 ፓውንድ ገዛሁ፤ ነፋሴ እሱ ነው።

ክንፎቹን ጠፍጣፋ አድርጌ በ45 ዲግሪ አጋደምኳቸው። ለምን 45 እንደመረጥኩ ሳስበው፣ ልጅ ሆነን ከወረቀት የምንሠራት ተሽከርካሪ ናት በአእምሮዬ የነበረችው። ቬንቲሌተሩ ሲከፈት ክንፎቹ በዝግታ መዞር ጀመሩ፤ ዘንጉን በሁለት ጣት ብቻ ስይዘው ቆሙ። በዚህ ጉልበት እንኳን እህል፣ የራሱን ማርሽ አያዞርም።

4ኛ ሳምንት፦ ስሚተን

ሳምንቱን ሙሉ ያነበብኩት ስለ ክንፍ ነው። ጆን ስሚተን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1759 ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው ጥናት የወፍጮ ክንፍ ምን ያህል መጋደም እንዳለበት በሙከራ አሳይቷል፤ ለዚህም የኮፕሊ ሜዳይ ተሸልሟል። የተፈጥሮ ነፋስ አንዴ ስለሚበረታ አንዴ ስለሚደክም አላመነበትም። ስለዚህ ነፋሱን ወደ ክንፉ ከማምጣት ይልቅ ክንፉን በሚዞር ክንድ ላይ አስሮ በጸጥታ ባለ አየር ውስጥ አዞረው። ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ቆምኩ። ምን ያለ ንጹሕ አስተሳሰብ ነው!

ያገኘው ውጤት ክንፉ ከሥሩ እስከ ጫፉ እየተጠማዘዘ መሄድ እንዳለበት ነው። ክንፉን በስድስት ከፍሎ፣ ከመዞሪያው ገጽ ሲለካ፣ ከሥር ወደ ጫፍ የተሻለ ሆኖ ያገኘው 18፣ 19፣ 18፣ 16፣ 12 ተኩል እና 7 ዲግሪ ነው። ምክንያቱም የክንፉ ጫፍ ከሥሩ በጣም ይፈጥናል፤ ፈጣኑ ክፍል ነፋሱን ከፊት ለፊቱ እንደሚመጣ አድርጎ ስለሚያገኘው ትንሽ ብቻ መጋደም አለበት። የእኔ 45 የትም ቦታ ላይ የለም።

የመሰላሉን ረድፎች በሙሉ ነቅዬ ለእያንዳንዱ ክንፍ ስድስት ቀዳዳ በስድስት የተለያየ ዲግሪ በሳሁ። ለዚህ ብቻ ከወፍራም እንጨት ስድስት የመብሻ መምሪያ ሠራሁ። ሁለት ምሽት ፈጀ። ጨርቁ ሲወጠር ክንፉ በትንሹ የተጠማዘዘ ቅርጽ ያዘ፤ ከእውነተኛው ወፍጮ ፎቶ ጋር ሳስተያየው ተመሳሰለ። ቬንቲሌተሩን ስከፍት ዘንጉን በሁለት ጣት ማቆም አቃተኝ።

5ኛ ሳምንት፦ ማርሾቹ

በወፍጮው ውስጥ ኃይሉ የሚሄድበት መንገድ እንዲህ ነው። ክንፎቹ የተጋደመ ዘንግ ያዞራሉ። በዘንጉ ላይ ትልቅ ባለ ጥርስ ጎማ አለ፤ ፍሬኑም ዙሪያውን የሚይዘው እሱን ነው። ይህ ጎማ ቁልቁል የሚወርደውን የቆመ ዘንግ ያዞራል። ከታች ሌላ ትልቅ ጎማ ትንሿን የድንጋዩን ማርሽ ያዞራል፤ ድንጋዩ ይዞራል።

የኮምፔንሳቶ ክቦች ቆርጬ ዙሪያቸውን በስቼ ክብ እንጨት እንደ ጥርስ ሰካሁ። ጥርስ ስቆጥር 48 በ16 ልሠራ ነበር፤ የድሮ ወፍጮ ሠሪዎች ግን እንዲህ ያለውን እኩል የሚካፈል ቁጥር ሆን ብለው ይሸሹ ነበር። 48 በ16 ከሆነ አንድ ጥርስ ሁልጊዜ ከእነዚያው ከሦስቱ ጋር ብቻ ይገናኛል፤ አንዱ ጠማማ ከሆነ እነሱን ብቻ ይበላቸዋል። አንድ ጥርስ ጨምሮ 49 ካደረጉት እያንዳንዱ ጥርስ በተራ ከሁሉም ጋር ይገናኛል፤ መበላቱም እኩል ይሆናል። ስለዚህ 49 በ16፣ ታችኛው ደግሞ 37 በ12። እንጨቱ 12 ፓውንድ፣ ትናንሽ ኩሽኔታዎች 11 ፓውንድ።

6ኛ ሳምንት

በሥራ ቦታ ፈረቃ ተደርቦብኝ ምንም አልነካሁም።

7ኛ ሳምንት፦ ቆመ

ማርሾቹ ሲገጠሙ ክንፎቹ ቆሙ። ቬንቲሌተሩ በመጨረሻው ፍጥነት ላይ ሆኖ እንኳ አልተንቀሳቀሱም። ኩሽኔታ አላላሁ፣ ዘይት ቀባሁ፣ ጥርሶቹን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ትንሽ ዞረ፤ በጣቴ ጭኜ ሸክም ስጨምርበት ግን ተመልሶ ቆመ።

ችግሩ ፍትጊያ አልነበረም። የሄድኩት በትልቁ ወፍጮ ስሌት ነው። ትልቁ ወፍጮ ክንፉ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ሲዞር ድንጋዩ ከመቶ በላይ እንዲዞር ያስፈልገዋል፤ ማርሾቹ ፍጥነት ያበዛሉ። የእኔም ወደ ዘጠኝ እጥፍ ያበዛ ነበር። ነገር ግን የክንፍ ጫፍ ፍጥነቱን የሚወስደው ከነፋሱ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ለሞዴል ብሎ አያንስም። ክንፉ ሲያጥር በደቂቃ ብዙ ጊዜ ይዞራል። የእኔ ክንፍ ያለ ሸክም በደቂቃ 180 ጊዜ ይዞራል። ለድንጋዩ ከበቂ በላይ ነው። ፍጥነት ባበዛሁ ቁጥር ያለችኝን ትንሽ ጉልበት ለዘጠኝ እያካፈልኩ ነበር።

ትናንሾቹን ማርሾች አውጥቼ 49 በ31 እና 37 በ24 አደረግኩ። ድምሩ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ወረደ። አሁን ሸክም ቢኖርም ይዞራል።

8ኛ ሳምንት፦ ድንጋይ

በልኬቱ መሠረት 1.2 ሜትር የሆነ ድንጋይ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 8 አደረግኩት፤ ልኬቱ ተዛብቷል፣ ግን ለሚፈጭ ነገር ስል ተቀበልኩት። ድንጋዩ ሰው ከጣለው የግቢ ንጣፍ የተረፈ የአሸዋ ድንጋይ ነው። የአልማዝ ጫፍ ያለው ክብ መብሻ 22 ፓውንድ። በደረቁ ስበሳ ጫፉ ተቃጠለ። ሌላ 22 ፓውንድ። በሁለተኛው መብሻ፣ ድንጋዩን ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ አስቀምጬ፣ እያረፍኩ በሳሁ፤ አልተቃጠለም። አቧራውም አልተነሣም። የድንጋይ አቧራ ለሳንባ ክፉ ስለሆነ ከመጀመሪያውም እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ።

ላይኛውን ድንጋይ መጅ እለዋለሁ፤ በእጅ ወፍጮ ላይ ስሙ ያ ነውና። እዚህ የሚዞር መጅ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ሁለቱንም ፊቶች በብርጭቆ ወረቀት እንደ መስታወት አለሰለስኩ።

የተቆላ ገብስ ጨመርኩ፤ በሶ አወጣለሁ ብዬ ነበር። ገብሱ በመጁ ቀዳዳ ላይ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቆመ። በእንጨት ስነካው ጥቂት ይወርዳል፣ እንደገና ይቆማል። ሌሊቱን ስገላበጥ ገባኝ። ሁሉን ነገር በሃያ አሳንሼ እህሉን አላሳነስኩም። ለዚህ ወፍጮ አንድ የገብስ ፍሬ ስንዝር ሊሞላ የተቃረበ እህል ነው! ይህ ወፍጮ የሚችለው አንድ እህል ብቻ ነው፤ ጤፍ። የጤፍ ፍሬ በሃያ ቢባዛ ባቄላ ያክላል።

ጤፉ ያለ ችግር ወረደ፤ ግን ሳይፈጭ ጤፍ እንደሆነ በጎኑ ወጣ።

9ኛ ሳምንት፦ «በምኑ ይፍጭልህ?»

ሁለቱን ድንጋዮች አቀራረብኩ። ጤፉ አሁንም ይንሸራተታል፣ ድንጋዩ ይሞቃል፣ አልፎ አልፎ ይቆማል። ለእናቴ ስደውል ነገሩን አነሳሁላት። ልጅነቷንና ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት በእጅ ወፍጮ ፈጭታለች።

«ስንት ጊዜ ወቀርከው?» አለችኝ።

«አልወቀርኩትም፤ እንዲያውም አለሰለስኩት።»

«ታዲያ በምኑ ይፍጭልህ?»

ዝም አልኩ። በቤታችን ጓዳ ወፍጮ ሲወቀር የነበረውን ድምፅ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ወፍጮ ሲለሰልስ በጠንካራ ድንጋይ ፊቱ ጠቅ ጠቅ እየተደረገ ይሻክራል፤ ያ ነው መውቀር። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የምንጠራበት ቃልም ከዚሁ ሥር ነው። የአውሮፓ ወፍጮዎችም ድንጋያቸው በየጊዜው ተነሥቶ ይወቀር ነበር። በተለይ የስንዴ ዱቄት የሚፈጨው የታወቀው የፈረንሳይ ድንጋይ ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ ካለችው ከላ ፌርቴ ሱ ዡዋር የሚመጣ ነው፤ ጠንካራ ቁርጥራጮች ተገጣጥመው በብረት ቀለበት ይታሰሩና በጄሶ ይደገፋሉ። ፊቱ ላይ ከመሐል ወደ ዳር የሚሄዱ ቦዮች ይወጡለታል። ቦዮቹ እህሉን ይቆርጣሉ፣ አየር ያስገባሉ፣ ዱቄቱንም ወደ ዳር ይነዳሉ።

እናቴ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «ከወቀርክ በኋላ የመጀመሪያውን ዱቄት እንዳትበላ፤ አሸዋ አለው» አለችኝ።

10ኛ ሳምንት፦ መቀስ

ቦዮቹን በትንሽ የኤሌክትሪክ መቅረጫ አወጣሁ። ለእያንዳንዱ ድንጋይ ስምንት ዋና ቦይ፣ ጥልቀታቸው አንድ ሚሊ ሜትር። በመሐላቸው ያለውን ሜዳ በሹል ብረት ወቀርኩት።

ላይኛው ተገልብጦ ስለሚቀመጥ የታችኛውን ሥዕል በመስታወት እንደሚታየው አዙሬ ቀረጽኩበት። ትክክል መስሎኝ ነበር። ሳስቀምጠው ቦይ በቦይ ላይ ገጠመና ጤፉ እንደ አሸንዳ ውኃ ፈሰሰ። ለካ ሁለቱ ድንጋዮች ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሥዕላቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። መጁ ሲገለበጥ ራሱ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ያኔ ቦዮቹ እንደ መቀስ ስለት ይሻገራሉ። የሁለት ምሽት ሥራ ጠፋ። መጁን በሸካራ ድንጋይ ላይ ፍቄ ፊቱን ካስተካከልኩ በኋላ እንደገና ቀረጽኩ።

ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ወደ እውነተኛው ወፍጮ ሄድኩ። ለጎብኝዎች የሚከፈትበት ቀን ነበር። የሚያስጎበኙት የሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በ2003 የተመሠረተው የወፍጮው ወዳጆች ማኅበር አባላት። ወፍጮው ታድሶ ለሕዝብ የተከፈተው በግንቦት 2011 ነው። ከዚያ በፊት በ1964ም አንድ ጊዜ ታድሶ ነበር፤ ያኔ ከሊንከንሽር ከፈረሰ ሌላ ወፍጮ ማሽኖች ተነቅለው መጡለት። ውስጡ ሲገባ ጠባብ ነው፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ዱቄት ዱቄት ይሸታል። ይሸታል የምለው እውነቴን ነው፤ በ1902 በገባችው አነስተኛ ማሽን ዛሬም ስንዴ ይፈጫል፣ ዱቄቱም ይሸጣል። አንድ ከረጢት ይዤ ወጣሁ።

11ኛ ሳምንት፦ ዱቄት

የመጁ ክብደት አነሰ። የትልቅ ወፍጮ መጅ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል፤ የእኔ 230 ግራም ነው። ስፋቱም አብሮ ስላነሰ በቀላሉ ማነጻጸር አይቻልም፤ ግን በእያንዳንዱ የገጽ ካሬ ላይ የሚያርፈው ጫና ከእውነተኛው ወደ አንድ ሃያኛ ይወርዳል። 600 ግራም የሚመዝን የብረት ቀለበት በጀርባው ላይ አሰርኩ። መሐሉን በትክክል ስላልያዝኩ መጁ ይወላገድ ጀመር። በአንዱ ጎን ትንሽ የእርሳስ ብረት ለጥፌ አስተካከልኩት፤ የትልልቅ ድንጋዮች ሚዛንም እንዲሁ በእርሳስ ይስተካከላል።

ረቡዕ ማታ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዱቄት ወጣ። ከድንጋዩ ዙሪያ እንደ ጭስ ስስ ሆኖ ወርዶ ከታች ባስቀመጥኩት ቋት ውስጥ ተጠራቀመ። የመጀመሪያውን ሠላሳ ግራም እንደተባልኩት ጣልኩት። ከዚያ ሃምሳ ግራም ጤፍ በአርባ ሁለት ደቂቃ ፈጨሁ። በወንፊት ስነፋው ሲሶው ሳይደቅ ቀረ፤ መልሼ አስገባሁት። ባለቤቴን ከእንቅልፍ ቀስቅሼ አሳየኋት።

ደወልም ጨመርኩ። በእውነተኛ ወፍጮ እህሉ ከሳጥኑ ሊያልቅ ሲል በእህሉ ክብደት ተወጥሮ የነበረው ጠፍር ይላላና ደወል ይጮኻል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ እህል ከዞረ ውቅሩ ይበላሻል፣ የእሳት ፍንጣሪም ያወጣል። የእኔ ደወል ከአሮጌ የብስክሌት ደወል የተሠራ ነው፤ ከአምስት ጊዜ አራቱን ይሠራል።

12ኛ ሳምንት፦ ቤቶቹ

ወደ አዳራሹ ወሰድኩት። ልጆቹ ዱቄቱን በጣታቸው ነክተው ቀመሱ። ነፋስ የሚሠራው ቬንቲሌተሩ እንጂ ወፍጮው አለመሆኑን ማንም ሳይነግራቸው አዩ።

ካርቶን ሳጥኖችም ይዤ ነበር። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በልኬቴ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ወፍጮው ሲሠራ በ1816 አካባቢው ገና ሜዳ ነበር፤ ሳጥን የለም። ክንፉ ጤፍ እየፈጨ በደቂቃ 96 ጊዜ ዞረ። አንድ ረድፍ ሳጥን በነፋሱ በኩል ደረደርን፤ 58። ሁለተኛ ረድፍ ስንጨምር ክንፉ ተንቀጠቀጠና ቆመ። የአሽቢ ቤተሰብ የደረሰበትም ይኸው ነው። ለንደን እያደገች ስትመጣ ቤቶቹ ነፋሱን ከለከሉት፤ በ1862 ሥራቸውን ሚቻም ወደሚገኝ የውኃ ወፍጮ አዛወሩ፣ በ1864 ክንፎቹ ወረዱ። በ1902 የተመለሱት በእንፋሎት ሞተር፣ ኋላም በጋዝ ሞተር ሊፈጩ ነው እንጂ ነፋሱን አምነው አይደለም። በኔዘርላንድ ለዚህ «ሞለንቢዮቶፕ» የሚባል ስም አላቸው፤ በወፍጮ ዙሪያ የሚሠራ ቤትና የሚተከል ዛፍ ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል ይወስናሉ፤ ነፋሱም ከቅርሱ ጋር ይጠበቃል። ብሪክስተን ላይ ግንቡ ተጠብቆልናል፣ ክንፎቹም ተመልሰዋል፤ ነፋሱ ግን ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ተወስዷል። ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል።

ያቺ የስምንት ዓመት ልጅ ከኋላ መጥታ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረች። ሦስተኛውን ስታነሳ ክንፉ ተነቃነቀ። «የእኛ ቤት የትኛው ሳጥን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ካርታ አውጥተን ፈለግን፤ በሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው።

የወጣው ወጪ በሙሉ፦ ኮምፔንሳቶ 57፣ እንጨት 12፣ ቬንቲሌተር 15፣ ኩሽኔታ 11፣ የድንጋይ መብሻ 44፣ ኮላና ቀለም 14፤ ድምር 153 ፓውንድ። የቀሩት ሥራዎች፦ ክንፎቹን ወደ ነፋሱ የሚያዞረው የማማው ቆብ አሁን የሚዞረው በእጅ ተገፍቶ ነው፤ ከሥሩ መንኮራኩሮች ያስፈልጉታል። የቆመው ዘንግ ታችኛው ኩሽኔታ ላልቷል። መጁ ደግሞ ከሁለት መቶ ግራም ጤፍ በኋላ መለስለስ ጀምሯል፤ እሑድ ይወቀራል።